በማን ደረት ቁመት?

ኅዳር 4
ሞጣ ከተዛወርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ዛሬ የመሥሪያ ቤቱን የፈረንጅ ጽድ ስለካ ዋልኩ። አርባ ዛፍ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ላይ፣ ዙሪያውን በሜትር። ክረምቱ ዘንድሮ ነሐሴ ሳይጋመስ ነው የወጣው። ሣሩ ከአሁኑ ደርቋል።

ኅዳር 5
አማካዩን አወጣሁ። በመዝገቡ አምና 31 ሴንቲ ነበር፣ ዘንድሮ 33.6። ሁለት ነጥብ ስድስት ጨመረ! መሬቱ ዝናብ በጠገበበት በካቻምናው ዓመት እንኳ 1.6 ብቻ ነው የጨመረው። ታዲያ ምን ተለወጠ? አምና ከሦስት ዛፍ አንዱ ተቆርጦ ጽዱ እንዲሳሳ ተደርጓል፣ ሌላ የለም። ሁለቴ ደመርኩት፣ ያው ነው። ኃላፊዬ ምንይሉ "ይኼ ለገበሬው መነገር አለበት" አለ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ኅዳር 10
ከእኛ ጽድ አጠገብ የእትዬ ይርጋነሽ ጽድ አለ። የእኛው በተተከለበት ዓመት ከሟች ባላቸው ጋር የተከሉት፣ አንድም ያልተነካ። ለልጃቸው ቤት ምሰሶ እስኪሆን ነው የሚጠብቁት። ሄጄ ነገርኳቸው... ከሦስቱ አንዱ ቢቆረጥ የቀረው ቶሎ ይወፍራል።
"እርግጠኛ ነሽ?"
"ለክቼዋለሁ፣ እትዬ።"
"እሱ በእጁ የተከለው ነው። የቱን ከየቱ እመርጣለሁ?"
ቁጥሩን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፣ ግን ብዙ ጊዜ አዩት። "እሺ፣ አንቺ ካልሽ" አሉ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፣ ብቸና
እናቴን ልጠይቅ መጣሁ። ከእኔ በፊት ዛፎቹን ይለኩ የነበሩትን ጋሼ ሀብተ ሥላሴን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተው እዚህ ናቸው። በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው። ጭማሪውን ነገርኳቸው።
"የቱ ላይ ነው የለካሽው?"
"ደረት ቁመት ላይ ነዋ።"
"እኔም እዚሁ ላይ ነበር" ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እጃቸው ከግንባሬ እኩል ነው።
"አንድ ሜትር ከሠላሳ አይደለም እንዴ?"
"ቅጹ ደረት ቁመት ነው የሚለው። የማን ደረት እንደሆነ የነገረኝ የለም።"
ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሜትሬን አውጥቼ እዚያው መንገድ ላይ ከመሬት እስከ ደረታቸው ለካሁ። አንድ ሜትር ከሃምሳ። ዛፍ ደግሞ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይወፍራል...

ኅዳር 16
አርባውንም በአንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ እንደገና ለካሁ። 32.5። ጭማሪው 1.5 ነው፣ ከካቻምናው እንኳ ያነሰ። ጽዱን ማሳሳቱ ጠቅሞ ይሆን? ምናልባት ባይሳሳ ኖሮ በዚህ ዝናብ ጭራሽ አይጨምርም ነበር። ምናልባት ምንም አልፈየደም። ይህን የሚነግረኝ ያልተነካ ዛፍ ነው... የእትዬ ይርጋነሽ።

ሌላም ነገር አለ። ስለካ ከእሳቸው ጽድ በኩል የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ሃያኛው ዛፍ ላይ ነበርኩ። ቁጥሩ ይሙላ ብዬ አርባው ድረስ ቆየሁ። አፈርኩ።

ኅዳር 17
ትናንት ሁሉንም መጻፍ አልቻልኩም። ስደርስ አሥራ ስምንት ዛፍ ተጋድሟል። የቦታው የታችኛው ግማሽ ገና አልተነካም። እትዬ ይርጋነሽ ቅርንጫፍ ይሰበስቡ ነበር። ስህተቱን ነገርኳቸው። ቆራጩ ፋንታ መጥረቢያውን አወረደ።
"ታዲያ የቀረው ይቆረጥ ወይስ ይቁም?" አሉ እትዬ ይርጋነሽ።
"አላውቅም።"
"ባለፈው ግን ታውቂ ነበር።"
ወደ ፋንታ ዞረው "ይቁም" አሉት።

ኅዳር 18
ለምንይሉ ነገርኩት። "ሪፖርቱ እኮ ተልኳል፣ አሁን ምን ይባላል?" አለ። ስህተት ነበር ይባላል፣ አልኩት። ደብዳቤውን ራሴ ጽፌ ፈረምኩበት።

ኅዳር 25
እትዬ ይርጋነሽ ዘንድ ሄድኩ። የሳሳውንም ያልተነካውንም በየዓመቱ ልለካ ፈቃድ ጠየቅኩ። ልብስ ያሰጡ ነበር፣ የመጨረሻውን አስጥተው ወደ እኔ ዞሩ።
"ለኪ። እንዲህ ይሆናል ብለሽ ግን እንዳትነግሪኝ። ሲሆን ንገሪኝ።"
ካልተነካው የመጀመሪያው ዛፍ 29.4። ከእኛዎቹ አማካይ ቀጭን ነው... ጻፍኩት። አልነገርኳቸውም።