እማ ፋብሪካ የገባች ቀን

ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ባልሽስ ደህና ነው? መንታዎቹስ ከዚያ ሳል ዳኑልሽ? የሞምባሳ ሙቀት በዚህ ወር እንደሚብስ ስለማውቅ ሳስብሽ ነው የከረምኩት። እኛ ኪሱሙ ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ጨክኖብን ሐይቁ እስከ ጀልባ መሥሪያው ድረስ ወጥቷል። እማም ደህና ናት። የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው፤ በስልክ ብነግርሽ አታምኚኝም ብዬ።

የምሠራበት የበረዶ ፋብሪካ እኛ ሰፈር ዳርቻ ላይ በረዶ መሸጥ ሊጀምር ነው ብዬሽ አልነበር? አጥማጆቹ ደስ አላቸው። እማ ግን ዓሣ አጫሾቹን ሴቶች ሰብስባ፣ "ዓሣው በበረዶ ከቆየ ጥሬውን ናይሮቢ ይሄዳል፤ እኛ ምን ልናጨስ ነው?" አለቻቸው። በቃ፣ አለቀ። የመጀመሪያው መኪና በሙዚቃና በድምፅ ማጉያ ታጅቦ፣ በነፃ የሚታደል በረዶ ጭኖ ሲመጣ፣ ሴቶቹ መንገዱ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁት። አንዷም አልጮኸችም። እግራቸውን ዘርግተው፣ ሳፋቸውን ታቅፈው ወሬያቸውን ያወራሉ። ፀሐይ ወጣች። ሾፌሩ ቢለምን፣ ቢለምን የሚሰማው አጣ። ውሃው ከመኪናው ሥር እንደ ቧንቧ ሲወርድ ዋለ።

እኔ የፋብሪካውን ቢጫ ቲሸርት ለብሼ መኪናው ላይ ቆሜያለሁ። እማ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "ያቺ ቢጫ የለበሰችው የማን ልጅ ናት? እናት የላትም እንዴ?" አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ።

ቢሮ ስንመለስ ትልቅ ስብሰባ ሆነ። የሒሳብ ኃላፊው፣ "አስተዳደሩ ጋ ሄደን ጭሱ ለጤና ጠንቅ ነው ብለን ምድጃዎቹን እናሳግድ" አለ። የገበያ ክፍል አለቃችን ጃየሽ ግን እምቢ አለ። ጃየሽን ታውቂዋለሽ፤ የዚያ ከገበያው ማዶ ጨው ይሸጥ የነበረው ህንዳዊ ልጅ ነው፤ ሉኦኛችንን ከእኛ አሳምሮ ይናገራል። ፋብሪካ ከግንቡ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን ውጭ ያለውንም፣ መንግሥቱንም፣ ተፎካካሪውንም፣ ሰፈርተኛውንም መያዝ አለበት እያለ ነው ሥራውን ያስተማረን። ከስብሰባው በኋላ ሴትዮዋ እናቴ እንደሆነች፣ ከፈለገ ሥራዬን እንደምለቅ ነገርኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "አባቴ በዕድሜው የፈራው ሁለት ሰው ነው፤ እናቴንና እናትሽን። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እማማን ግን እንዳታባብዪልኝ። ራሴ እሄዳለሁ።"

እውነትም ቤታችን መጣ። ዓሣ ስለማይበላ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ በጎመን አቀረብኩለት። እማ ይህን ስትሰማ፣ "ጉድ ነው፤ ዓሣ የማይበላ ሰው የዓሣ በረዶ ሊሸጥልኝ መጣ" አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ፣ "ለዚህ እኮ ነው መካሪ የምፈልገው" አለና የፋብሪካው ቦርድ አባል እንድትሆን ጠየቃት።

ከውጭ የሚቃወምሽን ሰው ወደ ውስጥ አስገብቶ ማስቀመጥ በእኛ ሥራ የታወቀ ዘዴ ነው። እማ ግን ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። ልክ እንደሄደ፣ "ወንበር ሰጥቶ አፌን ሊዘጋ ነው" አለች።

"ታዲያ ልትሄጂ ነው?" አልኳት።

"ለምን አልሄድም? ተቀምጦም መናገር ይቻላል።"

የቦርዱ ዕለት ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ክንዴን ይዛ ገባች። አዲሱን ምርት ለማሳየት አንድ ጡብ በረዶ በሳህን አመጡላት። እማ ብድግ አድርጋ በትልቁ መስኮት በኩል ይዛው ቆየችና፣ "ነጭ ነው ወይስ እንደ ውሃ ነው?" አለች። ቀልድ መስሏቸው ሁሉም ሳቁ። "እንደ ውሃ ነው፣ እማ" አልኳት።

ከዚያ ተናገረች። መንገዱ ላይ በተቀመጡበት ቀን ከመኪናው ሥር፣ ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታ የተረሳ የዓሣ ቅርጫት እስከ ማታ አለመሽተቱን ነገረቻቸው። "እስከ ዛሬ ዓሣው እንዳይበላሽብን ስንል ደላላው ባለው ዋጋ እንስማማለን። በረዶ ካለን እኛ እንጠብቃለን፣ እሱ ይቸኩል። የቀረንን ደግሞ በሰዓታችን እናጨሳለን። ስለዚህ ዳርቻው ላይ በረዶውን የምንሸጠው እኛ ነን፤ ሌላ ሰው አይሸጥም።"

የሒሳብ ኃላፊው አይሆንም ሊል አፉን ሲከፍት፣ "ተፎካካሪያችሁን ባለፈው ሳምንት ጠይቄ እሺ ብሎኛል" አለችው። "ግን እሱን ብቻ አልፈልግም፤ አንድ ሻጭ ካለ ነገ እንደ ደላላው ይሆንብኛል። ሁለታችሁም በእኛ በኩል ሽጡ። መንግሥት ለዳርቻው የከለከላችሁን የመብራት መስመር ደግሞ አብረን እንጠይቅ። ለሁለት ባለሀብት የዘጉትን በር ለዚያ ሁሉ ሴት አይዘጉትም።"

ጃየሽ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አያት። እትዬ፣ እኔ በዚያ ግንብ ውስጥ ውጭውን እንዴት እንደምንይዝ ስማር ነው የኖርኩት። ያን ቀን ውጭው ራሱ ሐምራዊ ቀሚስ ለብሶ ገብቶ ፋብሪካውን ሲይዘው አየሁ። የወለደችኝን ሴት ገና ያን ቀን ያወቅኋት መሰለኝ።

ቦርዱ ተስማምቶ ውሉ ሲመጣ፣ "ጮክ ብለሽ አንብቢው" አለችኝ። ፊደልን በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፈች ያስተማረችን እማ። አነበብኩላት። ጣቷን መፈረሚያው ላይ አሳረፍኩላት፤ ፈረመች።

አሁን መብራቱ ገብቷል። የሚጨሰው ምድጃ ጥቂት ነው፤ ደላሎቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ዋጋ ይጠብቃሉ። እማ ሴቶቹ በረዶውን በሚሸጡበት ቤት በር ላይ ውላ፣ የሚገባውን ሁሉ ገና ሰላም ሲላት በስሙ ትጠራዋለች። ስንመለስ መንገዱ ደርቆ ሳለ፣ "ጭቃ ነው፣ ያዥኝ" ትለኛለች።

ጭሱን ጠልተሽ በመሄድሽ የተቀየመችሽ ይመስልሽ ነበር። አልተቀየመችሽም፤ "እሷን ቀድሞ ገባት" ነው የምትለው። አንድ ነገር እንዳልጽፍልሽ አስምላኛለች፤ አልጻፍኩም። ብቻ ለገና አትጠብቂ፤ ቶሎ ነይ፣ ልጆቹንም አምጫቸው።

ሐይቁን ያለ ማዕበል የሚያሳድር አምላክ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ የልጆችሽን ልጆች ያሳይሽ። እማ በጣም ትስምሻለች። ስትመጪ ደግሞ ዝም ብለሽ እንዳትገቢ፣ ከአጥሩ በር ጀምረሽ እየተናገርሽ ግቢ ብላሻለች።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ