«ወዴት ነው?» የማይል ታክሲ

ፊኒክስ፣ ጁላይ 2024፣ እሑድ ጠዋት

የኔ ልጅ ማሪቤል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጀርመን በበጋም ይበርዳል ብለሽኝ ነበር፤ እስቲ ለእኛም ትንሽ ላኪልን። እዚህ አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ይይዛል። የምትደውዪው ሁሌ በሥራ መሀል ስለሆነ የጀመርኩትን ወሬ አልጨርስም። ዛሬ ማንም ሳያቋርጠኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሁሉ በፊት ያን ሹፌር የሌለው ታክሲሽን መጥሪያ ከአባትሽ ስልክ ላይ አጥፊልኝ። እኔ ላጠፋው ስል «እርግጠኛ ነዎት?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔን እንዲህ የሚጠይቅ አባትሽን ለምን አልጠየቀውም?

በደግ ልብ እንደጫንሽለት አውቃለሁ። መንጃ ፈቃዱን ከተቀማ ወዲህ ሰው መለመን እንዳይከብደው ብለሽ ነው። መጀመሪያ እኔም ወድጄው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያደርሰናል፣ ሐኪም ቤት ያደርሰናል። አባትሽማ ባዶውን የሹፌር ወንበር «ምን ይገትርሃል? ንዳው እንጂ» እያለ ሲቆጣ በሳቅ ይገድለኝ ነበር። አሁን ግን እነዚህ መኪኖች ሰፈሩን ሞሉት። አንዱ ደጃችን ላይ ተገትሮ የቆሻሻ መኪናውን አላሳልፍም ይላል፤ ወጥተሽ ማንን ትቆጪያለሽ? ጎረቤታችን ሮሄልዮም ተሳፋሪ አጥቶ ታክሲውን ሸጠ፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይደረድራል።

ባለፈው ጥር፣ ገና ታክሲው ሳይሸጥ፣ አባትሽ ሳልሰማው ሹልክ ብሎ ወጥቶ የሮሄልዮን ታክሲ አስቁሞ ነበር። ሮሄልዮ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ ኤቫሪስቶ፣ ወዴት ነው? እትዬ ኮንሱኤሎ ያውቃሉ?» አለው።

«አንተ ምን አገባህ? ዝም ብለህ ንዳ» አለው አባትሽ።

እሺ ብሎ አስገባው፤ አይስክሬም ገዛለት፤ ሰፈሩን አዙሮ አዙሮ እኔው ደጅ አወረደው። አባትሽም ሂሳቡን ከፍሎ፣ ደስ ብሎት ገባ።

ሐሙስ ዕለት ግን ገላዬን ስታጠብ በቤት ጫማው ወጣ። መኪናው መጣ፣ «ቀበቶዎን ይሰሩ» አለው፣ ወሰደው። ደርሶም እዚያ እሳት የሆነ ፀሐይ ላይ አውርዶት፣ «መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብሎት ሄደ። ስልኩ መኪናው ውስጥ ቀረ።

የታክሲው ኩባንያ ጋ ደወልኩ። አንዲት ልጅ፣ «ጉዞው በሰላም ተጠናቋል» አለችኝ።

«የት ነው የተጠናቀቀው?»

«የደንበኛችንን መረጃ ለሌላ ሰው መስጠት አንችልም።»

«ሌላ ሰው አይደለሁም፣ ሚስቱ ነኝ። ሰውዬው ደህና አይደለም፤ እየረሳ ነው።»

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼ ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ግን፣ «አዝናለሁ፣ ቅሬታዎን አስተላልፋለሁ» ብላኝ ዘጋች። እኔም በእርጥብ ጸጉሬ መንገድ ለመንገድ እየተጣራሁ ስሮጥ ዋልኩ።

ያገኘችው ኦፌልያ የምትባል የጥበቃ ሠራተኛ ናት። ከተዘጋ በር ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር አሉ። «አባባ፣ ጥላ ውስጥ ይግቡ» ብትለው፣ «አልገባም። ስትወጣ ከበሩ ላይ ካጣችኝ ታለቅሳለች» አላት። ጥላ ይዛለት፣ ውሃ እያፈሰሰችበት አምቡላንስ ጠራች። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር።

በሩ የልጅነት ትምህርት ቤትሽ በር ነው፣ ማሪቤል። አሁን ለእረፍት ተዘግቷል። ስልኩን ሲመልሱልኝ ከፍቼ አየሁት፤ አንዳንድ ቀን የእኔ ስም የሚጠፋበት ሰው የትምህርት ቤትሽን ስም አንድ ፊደል ሳይስት ጽፎታል።

ሐኪም ቤት ሰንብቶ ትናንት ገባ። ሐኪሙ ብቻውን እንዳይሆን ብሏል፤ ሮሄልዮም በራችን ላይ፣ ከፍ አድርጎ፣ መቀርቀሪያ ሠርቶልኛል። ነይ ማለቴ አይደለም። ሥራሽ አለ፣ የልጆቹ ትምህርት አለ፣ ይገባኛል። እኔ የጻፍኩልሽ ስለ ታክሲው ነው።

የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ከክፉ ትሰውርሽ፤ ልጆችሽን ታሳድግልሽ፤ እጅሽ የነካውን ሁሉ ትባርክልሽ።

ቅድም አባትሽ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ «ልጅቷ አልገባችም?» አለኝ። ምን ልበለው? «መንገድ ላይ ናት» አልኩት። አሁን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

እናትሽ
ኮንሱኤሎ