ከኮምፒውተሩ ኋላ የረሳኸው

ሶዶ፣ ኅዳር 2002 ዓ.ም.

ለልጄ ጓደኛ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉሮሮህ ደህና መሆኑን አውቃለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ስትዘምር ሰምቼሃለሁ። የቀረው አካልህም ደህና ይሁን። እናት አባትህስ? እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ። ልጄ ሶሲም ተበላ ከተማ ማስተማሯን አልተወችም። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብብ።

በልጄ በጦና ለቅሶ ጊዜ ሰው ሁሉ ድንኳን ተቀምጦ ሳለ፣ አንተ "እማዬ፣ ክፍሉን ልየው፣ ናፈቀኝ" አልከኝ። ዓይንህ ቀልቶ ስላየሁ ቁልፉን ሰጠሁህ። ለጸሎት ሲጠሩህ እየሮጥክ ወጣህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጄ ኮምፒውተር አልነሣም አለ። ሲያበሩት መስታወቱ ይጠቁራል፣ ጥቂት ነጭ ፊደል ይወጣል፣ በቃ።

ተመልሰህ ስትመጣ ወገቤን አሞኝ እዚያው ክፍል ተኝቼ ነበር። ማብሪያውን ተጫንክና ራስህን ነቀነቅክ። "እማዬ፣ ይሄ ከባለቤቱ ጋር ሞቷል። ልውሰደውና አዋሳ ላሳየው" አልክ። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፣ አንተ ኮምፒውተር የተማርክ፤ ሞቷል ስትል አመንኩህ። ለሶሲም ሞቷል አልኳት። ግን የልጄ እጅ የነካው ዕቃ ከቤት እንዲወጣ አንጀቴ እምቢ ስላለኝ ዳንቴል አልብሼ አስቀመጥኩት። አንተም ሰው እየላክህ ደጋግመህ አስጠየቅከኝ። ደግ ልጅ ነው እያልኩ መረቅኩህ።

በቀደም ሶሲን ጠይቄ ከተበላ በሚኒባስ ስመለስ፣ እናቱ ከቤሌ ገበያ ቅቤ ተሸክማ እግሯ እየደማ ስላስተማረችው ልጅ የሚለውን መዝሙር ሰማሁ። ረዳቱ "የአዲሱ ዘማሪ ነው እናቴ፣ ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው" አለኝ። እናትህ ቅቤ ነጋዴ እንደነበረች አላውቅም ነበር። እኔ የማውቃት ጃንጥላዋን እንኳ ሠራተኛ ስታሸክም ነው።

ሶሲን አስጠራኋትና "የሞተውን ክፈቺልኝ" አልኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ምን ተሰክቶበታል?" ብላ ነው። ማተሚያውን ነቀለች፤ አልተነሣም። ማውሱን ነቀለች፤ አልተነሣም። ዳንቴሉን ገልጣ እጇን ከኋላ ሰደደችና ቀይ ክር ያለው ፍላሽ አወጣች። ክሩን አወቅኩት። ለለቅሶ ስትመጣ አንገትህ ላይ ነበር። እንደገና ስታበራው ማሽኑ ተነሣ፤ የልጄ ፎቶ ፊቴ ላይ በራ።

ሶሲ እንዳስረዳችኝ፣ አንዳንዱ ማሽን ሲነሣ አስቀድሞ የተሰካበትን ያያል። እዚያ የሚያስነሣው ነገር ሲያጣ፣ የራሱን ሆድ ሳይፈትሽ ቆሞ ይቀራል። ማሽን ነውና አልፈርድበትም። ሰው ግን የራሱን ትቶ የሰው ጓዳ ሲያይ ምን ይባላል? የተማርክ አንተ ንገረኝ።

የጦና መዝሙሮች የነበሩበት ቦታ ባዶ ነበር። ሶሲ ፍላሹን መልሳ ሰካችው፤ ሁሉም እዚያ ተገኙ። "እማዬ፣ ቀድቶ አይደለም፤ ከዚህ ቆርጦ ነው ያወጣው" አለችኝ። የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነበር። እንደ ሥራህ ቢሆን የልጄን ድምፅ ዳግመኛ አልሰማም ነበር። ጥድፊያህ አተረፈልኝ።

ያን መዝሙርም ከፈተችልኝ። ከመጀመሩ በፊት ልጄ ይስቃል፤ ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ከዚያ ስምህን ይጠራና "ለእናቴ የጻፍኩት ነው፣ እንዳታበላሽብኝ። 'ቅቤ' የሚለው ላይ ጊታርህ ይዘገያል፤ ፈጠን በል" ይልሃል። አንተም "እሺ ጌታዬ" ብለህ ትስቃለህ። ካሴትህንም ገዝቼ አዳመጥኩ። እዚያው ቦታ ላይ አሁንም ትዘገያለህ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ሰሙት። እሁድ ከስብከቱ በኋላ ለሁሉም ይሰማል። የፊት ወንበር ይዤልሃለሁ።

ፍላሽህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ያንተ የሆነውን አልነካንም፤ የእኛን ብቻ ነው ያወጣነው። አሁን ባዶ ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ። የራስህንም መዝሙር ይስጥህ።

የጓደኛህ እናት