ለአባባ ያላስተረጎምሁት

ዳንግላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ አስማረ። የአዲስ አበባው አየር ተስማምቶዎታል? እኔ «ደህና ነን» ብዬ ጀምሬ ሰረዝሁት።

ፈረሱ ሥራ ፈትቶ ወፍሯል፤ አባባ ከጥምቀት ወዲህ እርካብ አልረገጡም።

ዛሬ እርስዎን የደም ሥር መስፋት የሚያስተምሩዎት ፈረንጅ ሐኪም እዚህ መጥተው አዩአቸው። የጤና ጣቢያው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ ወደ አማርኛ፣ እኔ ወደ አገውኛ አስተረጎምን። አባባ «እግሬን እንደ ገበያ ፈረስ ዳበሰው፤ ሊገዛኝ ነው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐኪሙ የጠቆረችውን የእግራቸውን ጣት በመርፌ ሲወጉ ግን አባባ ጨዋታቸውን አላቋረጡም።

ድሬሰሩ፣ «በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ ሄደው የተዘጋው የደም ሥር ካልተከፈተላቸው እግራቸው ይቆረጣል፤ ንገሪያቸው» አለኝ።

«ምን አለ፣ ልጄ?» አሉኝ አባባ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። «ትንሽ ይረፉ ነው የሚሉት» አልኋቸው።

መረቁኝ። አሁን ለመጣው ጠያቂ ሁሉ «ፈረንጁ ደህና ነህ ብሎኛል» እያሉ ያወራሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

ይህ ደብዳቤ በሐኪሞቹ መኪና ይመጣልዎታል። አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለን ብለዋል።

እናታችን ናፍቆቷ ጠንቶባታል፤ እመቤታችን ከክፉ ትጠብቅዎ። ነገ ጠዋት መኪናው ሳይነሣ፣ ድሬሰሩ ያለውን አንድም ሳላስቀር በአገውኛ ለአባባ እነግራቸዋለሁ።

እህትዎ ማናለብሽ