ያልወደቀው ጣሪያህ

ይድረስ ለልጄ ለሳሙኤል፤

እንደምን ሰነበትህ ተብሎ ከማይጠየቅበት አገር ነህና ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበል። ከተለየኸን ዘጠነኛው ክረምት ገባ። የእናትህ ዓይን ደክሟል። ለቅሶ በተከለከልንበት ወራት ከቀሚሷ ሥር ደብቃ የለበሰችውን ጥቁር ዛሬ በግልጥ ትለብሰዋለች።

በቦሌው መናፈሻ ነድፈህ ያሠራኸው አዳራሽ ከአገልግሎት እንደ ወጣ ነው። ወለሉን ሣር ሰንጥቆታል፤ ፍየሎች ከዝናብ ይጠለሉበታል። ያ ስስ ጣሪያው ግን አንዲት ስንጥቅ የለበትም። መጀመሪያ ወስደህ ስታሳየኝ፣ በአራት ምሰሶ ብቻ መቆሙን አይቼ ግድግዳውን ረሳኸው ወይ ብዬ ሳቅሁብህ። «አባባ፣ መናፈሻ አይደል? ነፋሱም ይግባ» አልኸኝ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከዚያው አዳራሽ ፊት ሕዝብ ሰብስቦ፣ ጣሪያውን ያሳሳኸው በሰፊው ሕዝብ ላይ እንዲወድቅ ነው ሲል ከሰሰህ። በሦስተኛው ቀን ገደሉህ። አስከሬንህን እንኳ አልሰጡንም።

ያ ሰው ዘንድሮ ከሥልጣኑ ወረደ፤ ደዌም ጸናበት። ይቅርታ ፈልጎ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከብኝ። የንስሐ አባቴም ቂም ይዤ ከቍርባን እንዳልቀርብ አስጠነቀቁኝ። አልቀረብሁም። በመጨረሻ ወደ አዳራሹ ይምጣ፣ ያኔ የሰሙት ጎረቤቶችም ይገኙ ብዬ ላክሁ። እታረቃለሁ ግን አላልሁም።

እሑድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጣ። ከአዳራሹ ጠርዝ ሲደርስ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና እግሩ ተያዘ። አንድ የገርጂ ሽማግሌ «ግባ እንጂ! ፍየሎቹስ ይገቡ የለ?» ቢሉት ሰው ሁሉ ሳቀ። ገባ፤ ተንበረከከ፤ በሐሰት እንደ ከሰሰህ በገዛ አፉ ተናገረ።

እንደምታውቀው፣ በልማዳችን ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። ሁሉም እጄን ጠበቀ። እኔም እጄን ወደ ኋላዬ አጣምሬ፣ አንገቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አየሁት። ከዚያም ከዘራዬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እናትህ አወረድህለት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላወረድሁም አልኋት። ጥቁር ነጠላዋን አስተካከለች።

ልጄ፣ ቄሱ ለነፍሴ ይፈራሉ፤ እኔም እፈራለሁ። ቢሆንም ቃሌ ይህ ነው፤ ጣሪያህ እስኪወድቅ ድረስ እጄ ያን ድንጋይ አይነካም። አንተ የሠራኸው ደግሞ አይወድቅም።

አባትህ።