የምንጯ ጽድ አውጫጭኝ

ውድ ጋሼ ባየው፣

ይህ ደብዳቤ ደብረ ሲና ሲደርስዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ መጥረቢያዎንም ከአጠገብዎ ያርቁት።

ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ሃያ ወጣቶች መጡ። የአካባቢ ጥበቃ መሪ ለመሆን የሚሠለጥኑ ናቸው። የመጨረሻ ፈተናቸው በአገር ላይ የደረሰን አንድ ጥፋት በአባቶች ሥርዓት መዳኘት ነው አሉ። አለቃቸው መስከረም የምትባል ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው።

"አውጫጭኝ እንቀመጣለን። ሁሉም እየማለ ያየውን የሰማውን ይናገራል። ጥፋተኛው ሳይገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም" አለችን። ሹፌራቸው ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሄዳለሁ ብሏል።

የትኛው ጥፋት ይዳኝ ሲሉን አገሩ ሁሉ "የምንጯ ጽድ!" አለ። እርስዎ ቆረጧት ተብለው "ጽድ ገዳዩ" የተባሉባት፣ በእሷም ሰበብ አገር ለቀው የወረዱባት፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊት የነበረችው ጽድ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

ምስክሮቹን ቢሰሙ! ወርቁ "በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ" ብሎ ማለ። ትርንጎ የምትባል ጎረቤታችን ደግሞ "ግንዱን ሲጎትት ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ውኃም አጠጣሁት" አለች።

"እትዬ ትርንጎ፣ ወደዚህ አገር መቼ መጡ?" አለቻት መስከረም።

"ሳገባ ነዋ! ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሞላኝ።"

"ዛፏ የተቆረጠችው እኮ ከዚያ በፊት ነው።"

"እና ውኃ አጠጣሁት እንጂ አብሬ ቆረጥኩ አልኩሽ?"

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ለባሌ ለጣሰው እንኳ ሳልነግረው አፈር ገብቷል። አሁንም ዝም ካልኩ እኔም እንዲሁ እገባለሁ ብዬ ፈራሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

አገር ሳቀ። "አይ ዘርፈሽዋል! ዝንብ እንኳ እሽ ብለሽ አታውቂ" አለ ወርቁ። ዝምተኛ ሰው ለካ ሲናዘዝም አይታመንም።

ያኔ ብቻዬን ፊደል እየለየሁ ነበር፣ ጋሼ። የጽዷ ጥላ መስኮቴን እየከደነው "ለ"ን ከ"ሰ" መለየት አቃተኝ። ሰው ሁሉ አንኮበር ገበያ በወጣበት ቀን የእርስዎን መጥረቢያ ከቤትዎ ግድግዳ አወረድኩ። ግንዱን ወደ ገደል አንከባለልኩት፤ መጥረቢያውን ግን ሙጫውን ሳልጠርግ መለስኩት። በዚያ ሙጫ ፈረዱብዎ። እኔም መጽሐፌን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ብርሃን ነበር፤ አንድ ገጽ ሳልገልጥ ግን መሸ።

"ሦስት ጊዜ ስቼ ድንጋዩን መትቻለሁ፤ ከጉቶው በስተግራ ያለውን እዩት" አልኳቸው። ልጆቹ ሣሩን ገልጠው ሦስቱን ጭረት አገኙ። ከዚያ ትርንጎ "እኔማ ያጠጣሁት ሰው ሴት መስሎኝ ነበር" አለች።

ሃያ ችግኝ ተክዬ እንዳሳድግ፣ እርስዎንም ይቅርታ እንድጠይቅ ተፈረደብኝ። ወርቁ ምስክርነቱን እንድትሠርዝለት ቢለምናት መስከረም እምቢ አለች። ለኔም የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ "ወጣት የአካባቢ ጥበቃ መሪ" ይላል፤ ሌላ ዓይነት አላተሙም። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ስምዎም ወደ እኔ ዞሯል፤ ልጆቹ "ጽድ ገዳይዋ" ይሉኛል። ይገባኛል።

አሥራ ዘጠኙን ተክያለሁ። ሃያኛው ጉድጓድ ከጉቶው አጠገብ፣ መስኮቴ ፊት ለፊት ነው። እርስዎ መጥተው ካልተከሉበት ባዶውን ይቆያል። ጥላው አያሳስብዎት፤ መነጽር ገዝቻለሁ።

ይቅር ይበሉኝና ይምጡ። ዶማ እኔ አለኝ፤ መጥረቢያዎን ግን እዚያው ይተዉት።

በዳይዎ ጎረቤትዎ፣
ዘርፈሽዋል