ሁለተኛው መነሳት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6
ዘጠኝ ቤት ዞርኩ፣ ደብተሬ። እግሬ አለቀ። ቀበሌው ለኛ ለሴቶች ማኅበር የሰጠን ሥራ ነው፤ ደካማ አረጋውያን ይመዝገቡ፣ የሱቁ ስኳርና ዘይት ቤታቸው ይድረስ፣ ሰልፍ ይቅርላቸው። ጥሩ። ግን ደካማ ማነው? ቅጹ የሚጠይቀው ዕድሜ ብቻ። አባባ ወርዶፋን ብጠይቃቸው፣ «አውሮፕላን ማረፊያው የገብስ ማሳ እያለ ጎረምሳ ነበርኩ» አሉኝ። እሱን የት ልጻፈው?
የራሴን መለኪያ አወጣሁ። ሳይደገፍ ብድግ ያለ፣ ጠንካራ። ያልቻለ፣ ደካማ። ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት እኔ!

ረቡዕ፣ 10 ሰዓት
ጉዴ ፈላ። ዛሬ በመለኪያዬ ብዞር ሁሉም ጠንካራ! ከቤቴ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ደስታም ጭምር። ስገባ «ኖር!» ብለው ብድግ። «በእግዜር» ብዬ፣ ጽፌ ወጣሁ። ጥላዬን ረስቼ ብመለስ እንደቆሙ ናቸው። የአልጋውን ብረት ጨብጠው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። መቀመጥ አቅቷቸው! አቅፌ አስቀመጥኳቸው። ለምን ተነሱ ብል፣ «እንግዳ ገብቶ ልጎለት? ምን ነካሽ አንቺ!»
ለካ ስለካ የዋልኩት ጨዋነት ነው። ዝርዝሩ ቅዳሜ ይዘጋል። እንዲሁ ከቀረ እማማ ደስታ ሰልፍ ላይ መውደቃቸው ነው።

ዓርብ
ዘጠኙንም ቤት እንደገና። የመጀመሪያው መነሳት የሰላምታ ነው፣ አይቆጠርም። በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ እንጫወታለን፣ ደግመው እንዲነሱ እለምናለሁ። አቀማመጣቸውንም፣ ሁለተኛውን መነሳትም አያለሁ። አባባ ወርዶፋ ሦስቴ ተነስተው፣ «አራተኛ ልጨምርልሽ?» ብረት ናቸው! እማማ ደስታ ሁለተኛው ላይ ቀሩ። ፊታቸውን አዙረው፣ «ደካማ ብለሽ እንዳትጽፊኝ።» አንጀቴን በሉት።

ቅዳሜ፣ ከስብሰባ መልስ
ሊቀመንበሩ ዕድሜ አልተሞላም ብሎ ወረቀቱን ሊመልስብኝ። ጓድ፣ የእናትህ ዕድሜ ስንት ነው አልኩት። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ጉልበታቸውን ግን ታውቀዋለህ አልኩት። ተሳቀ፤ ወረቀቱም አለፈ። የክሊኒኩ ጤና ረዳት ወረቀቱ ላይ ያሰፈርኩትን መለኪያ ሁለቴ አነበበው፤ ይህን ማን አስተማረሽ አለኝ። በርጩማ፣ አልኩት! ለክሊኒኩም ገለበጠው፣ ደብተሬ። በእጁ! ቤት እስክደርስ አንገቴ አልታጠፈም።
«ደካማ» የሚለውን ሰርዤ «ሁለተኛ መነሳት የሚከብዳቸው» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከላይ እማማ ደስታ። ሰሙና፣ «እሱስ እውነት ነው» አሉ።
ከዛሬ ጀምሮ ግን እሳቸው ቤት ዝም ብዬ አልገባም። ከአጥሩ ጀምሬ «በእግዜር! በእግዜር!» እያልኩ ነው የምሮጠው፤ ሳይነሱ እንድደርስባቸው።